ያላለፈው መልእክት

የእድራችን ሊቀመንበር የጥቅስ ምልክት ይወዳሉ። "ስብሰባ"ን በጥቅስ፣ "እሁድ"ን በጥቅስ፤ ምን ሆነው እንደሆነ እንጃ። በኮቪድ ምክንያት መሰብሰብ ሲቀር ለአባላቱ ሁሉ ቴክስት የሚልክ አጭር ስክሪፕት፣ ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ያኔ ኦንላይን ኮርስ ጀምሬ፣ ግሮቭፖርት ካለው የዌርሃውስ፣ የመጋዘን ሥራዬ የሚያወጣኝ ይሄ ነው እል ነበር።

መልእክቱ የሚጻፈው በሁለት የጥቅስ ምልክቶች መሃል ነው። እዚያ መሃል ሌላ ጥቅስ ከገባ ኮምፒውተሩ ጽሑፉ ያለቀ ይመስለውና ቀጥ ይላል። ከውስጠኛው ጥቅስ በፊት ባክስላሽ፣ ያቺን ያዘመመች ሰረዝ፣ እንዲያስገቡ ስንቴ ነገርኳቸው። እሺ ይላሉ፣ ይረሱታል። ሲሰለቸኝ ስክሪፕቱ የቆመበት መስመር በስልኬ እንዲደርሰኝ አደረግኩና ብሬክ ላይ ሆኜ እያስተካከልኩ እልከው ጀመር። እሳቸው በራሱ የሄደ ይመስላቸዋል። ምን አገባኝ፣ ደስ ይበላቸው።

እናቴ ደሴ ታማ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ሄጄ ላያት አልቻልኩም። በቪዲዮ ስናወራ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ እንኳ የምትጠይቀኝ ምሳ መብላቴን ነው።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ተኪዶ ነው። በሰው አገር ኮሎምበስም መጥተን አልተውነውም፤ ሰውየው ለሺፍት ሳይወጣ በሩ ላይ እንቆማለን።

በ2021 መጀመሪያ፣ በረዶ በጣለበት አንድ ቀን፣ ብሬክ ክፍል ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። መጀመሪያ ያየሁት ጥቅሶቹን ነው። ሰውዬው ደግሞ ጀመራቸው ብዬ ላስተካክል ጣቴን ዘረጋሁ። ከዚያ አነበብኩት።

"ቴክስት መላኪያውን የሠራችልን እህታችን እናት ደሴ ላይ አርፈዋል። ነገ ጠዋት ቤቷ ሄደን መርዶ እስክንነግራት ማንም ትንፍሽ እንዳይል። እናትየው "ልጄ ሥራ ላይ ሆና እንዳትሰማ" ብለው አደራ ሰጥተዋል።"

እናቴን። እናቴን፣ ምሳ ሳጥኔ ፊቴ እንደተከፈተ ተረዳሁ።

የሚላክላቸውን ቁጥሮች አየሁ፤ የእኔን አውጥተውታል። ሊቀመንበራችን ጋሼ ስክሪፕቱ ሲቆም ለእኔ እንደሚያሳብቅ በምን ያውቃሉ? እንደቆመ ብተወው ደግሞ መልእክቱ ለማንም አይደርስም፣ ነገ በራፌ ላይ የሚቆም አይኖርም። እናቴ ያለ ለቅሶ ልትቀር ነው።

ቃሏ ከሚጀምርበት ጥቅስ ፊት ባክስላሽ አስገባሁ። ከሚያልቅበትም ፊት አስገባሁ። ላክሁት። ሱፐርቫይዘሬ ብሬክ አልቋል ሲለኝ ስካነሬን አንስቼ ተነሳሁ። የቀረውን ሰዓት ምን ስሠራ እንደዋልኩ አላውቅም።

በማግስቱ ማለዳ መጡ። ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው፣ በረዶው ላይ ቆመዋል። ገና አሁን የሰማሁ መስዬ ማልቀስ ያቅተኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወይ ሞኝነቴ! ጋሼ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ሳይ ያንን ሁሉ ሰዓት የያዝኩት ለቅሶ በሩ ላይ ወጣ።

ለቅሶው ሲረጋጋ ጋሼ ከደረጃው ሥር፣ ራቅ ብለው ቆሙ። የእሳቸውም ማስክ ርሷል።

«እናትሽ፣ ልጄ ሥራ ላይ ሆና እንዳትሰማ፣ ብለው ነበር» አሉኝ። «አደራቸውን ጠብቀናል፣ ልጄ።»

«ጠብቃችኋል፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ።»