ትሎቹ ዝም ያሉ ለት

ፋብሪካዎቹ ገና ሲተከሉ፣ ሐዋሳ በግንበኛና በጫኝ ተጨናንቃ በነበረ ጊዜ፣ ዐቢይ ጾም የገባ ሰኞ ነው። ዛሬም ትርፍራፊ የሞላ ባልዲ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከከተማው ዳር፣ ቱላ፣ ዶሮ አረባ ነበር። መኖ አልቀመስ ሲል በሆቴል ትርፍራፊ የዝንብ ትል ማርባት ጀመርኩ። ያስተማረኝ የግብርና ባለሙያ "በሌላ አገር ሰውም ይበላዋል፤ ጥሩ ፕሮቲን ነው" ቢለኝ፣ "ለእኔ በዶሮ በኩል ዞሮ ይምጣልኝ" አልኩት።

ትርፍራፊውን የምገዛው ከእትዬ ወርቅነሽ ነው። ከሆቴል ተቀብለው፣ ደህና ደህናውን አሙቀው መናኸሪያ ጀርባ ለጫኞች ቡሌ ብለው ይሸጣሉ። የበርሜሉ አተላ የእኔ ነው። ያን ለት ግን የቅበላው ሥጋ ተርፎ፣ ጿሚውም ስለማይነካው፣ ግማሹን በጠዋት ሰጡኝ። የቀረውን ለማይጾሙት ያዙ።

ትል ምግብ ሲደፋለት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ይንሿሿል። ያን ጠዋት ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ በማረባበት በርሜል ግድግዳ ሽቅብ ይሸሽ ጀመር። ከሥር የቀረው አይንቀሳቀስም። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ከቅመሙ ሥር የበረሮ መድኃኒት ሸተተኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያዘንኩት ለትሎቼ ነው። ለእትዬ ወርቅነሽ የማወርደውን ስድብ እያሰናዳሁ ሳለ ነው የቀረው ግማሽ ትዝ ያለኝ። ያኔ ስልክ የላቸውም። የሞተውን ትል በባልዲ ዝቄ በባጃጅ በረርኩ።

ድስቱ ይንተከተካል፤ ጫኞቹ ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል።

"እንዳትበሉ! መርዝ አለበት!"

"ለትሎቹ አልበቃ ብሎት ነው" አለ አንዱ። ሳቁ። አልፈርድባቸውም፤ ዋጋ እየጨመርኩ ቡሌያቸውን ስሻማ የከረምኩት እኔ ነኝ።

"አንተ ልጅ፣ ገበያዬን አትዝጋ" አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ፣ ጭልፋቸውን እንደያዙ።

ባልዲውን እግራቸው ሥር ገለበጥኩት። ሳቁ ቆመ። እሳቸው ግን ያዩት ትሉን አልነበረም፤ ጭልፋውን ነው።

"ጨዉን ቀምሻለሁ" አሉ ቀስ ብለው።

ሆስፒታል ሳንደርስ ባጃጁ ውስጥ ምራቃቸው ይዝረበረብ ጀመር። ሦስት ቀን ተኝተው፣ ተመስገን ነው፣ ተረፉ። ሆቴሉ ወጥ ቤቱን የበረሮ መድኃኒት ሲያስነፋ የትርፍራፊውን በርሜል የከደነ አልነበረም። ማን እንደነፋ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ስልክ ገዛሁላቸው። አሁን ድርሻዬን አስቀድመው ይሰጡኛል፤ ደውዬ "ተንሿሹ" ካላልኳቸው እሳት አያነዱም። "ጌቶችህ ቀመሱ?" ይሉኛል።

እኔም ጆሮዬን በርሜሉ ላይ ደፍቼ እጠብቃለሁ። ድምፁ እስኪመጣ ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ግን ያን ለት ስድብ ሳሰናዳ ያባከንኳትን ያህል ትረዝምብኛለች።