ለአባዬ ያነበብኩለት የጎርፍ ኢንሹራንስ ደብዳቤ

ሃሪኬን የሚሉት የባሕር አውሎ ነፋስ ዝናብ እኛ ከተማ ስኔልቪል ድረስ ደርሶ የአባዬ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ፣ ዛሬ ጠዋት እስከ ጉልበት ውሃ ሞላ።

ኢንሹራንስ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «የቤት ኢንሹራንሱ ጎርፍ አይሸፍንም፣ የጎርፉ ለብቻው ነው የሚገዛው» አለችኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ለአባዬ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነኝ። አምና ስለዚሁ ስለ ጎርፍ ኢንሹራንስ ደብዳቤ መጥቶለት ነበር። ዋጋውን ሳይ ደነገጥኩና «ሃሪኬን የፍሎሪዳ ነው፣ እዚህ ባሕር የት አለ?» ብዬው ደብዳቤውን ጣልኩት። ማስተርስ አለኝ፣ እንዳትስቁ።

አሁን ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆሞ «ምን አለች?» ይለኛል።

«መስመር ላይ እንድጠብቅ ሆልድ አድርጋኛለች» አልኩት። ስልኩ ከተዘጋ ቆይቷል።

እናንተስ፣ ለወላጆቻችሁ አንብባችሁ የጣላችሁት ደብዳቤ አለ? እንዴት ነገራችኋቸው?