በረኪና የነካቸው ድንጋዮች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለልጆቼ አልነገርኋቸውም፤ በየዓመቱ ፊታቸው ለምቀርበው ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ይኸውም መልስ ሌላ ኃጢአት ሆኖ በላዩ ተደረበ። አሁን የትናንቱን ከትናንት ወዲያው መለየት እየተሳነኝ ነው፤ የምፈራውም ይህንኑ ነው። ኃጢአቴ ሳይሰረይ ከአእምሮዬ ቢጠፋስ? የረሳሁትን በምን አፌ እናዘዘዋለሁ? ስለዚህ፣ አንባቢዬ ሆይ፣ ሳልረሳው ለአንተ እናገራለሁ።

መንግሥት በተለወጠ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ይመስለኛል። ዕድሜዬን በሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቼ፣ ቦሌ፣ በአንዲት ሐኪም ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ሐኪሟ ዶክተር ትርሐስ ትባላለች፤ በዕድሜ ልጄ ብትሆንም የማከብራት ሴት ነበረች። ከባሕር ማዶ ስትመለስ ሳሎኗ ውስጥ ከሻይ ጠረጴዛ የማይበልጥ የመስታወት ገንዳ አቆመች፤ ጨዋማ ውሃ፣ የባሕር ድንጋዮች፣ ጥቂት ኮራል፣ ሁለት ተራ ዓሦች፣ ማንዳሪን የሚባል አንድ የባሕር ዓሣ። ማንዳሪኑ አውራ ጣት ያህላል። በሰማያዊ ገላው ላይ ብርቱካናማ መስመሮች ሲጠማዘዙበት፣ በእጅ የተጠለፈ ሐር እንጂ ፍጡር አይመስልም ነበር። ቀኑን ሙሉ ድንጋዮቹን እየዞረ፣ ቆም እያለ፣ አንዳች ነገር ይለቅማል።

ሁዳዴ ሲገባ ዶክተር ለሥልጠና ወደ ውጭ ሄደች። ገንዳውን ለእኔ አደራ ሰጠች።

«መምህር፣ ደረቁ መኖ ለሁለቱ ነው። ስለ ማንዳሪኑ አይጨነቁ፤ እሱ ከድንጋዮቹ ራሱን ይችላል። ድንጋዮቹን ብቻ እንዳይነኩብኝ» አለችኝ።

እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጨነቅሁ። አደራ ያስፈራኛል። በማጉያ መነጽር መስታወቱን ሳይ ከቁንጫ ያነሱ ነጫጭ ነገሮች ሲርመሰመሱ አገኘሁ። ተባይ ናቸው ብዬ ደመደምሁ። ዓሣው በእጄ ቢሞት ምን እላለሁ? የባዮሎጂ መምህር አንድ ዓሣ መጠበቅ አቃተው ቢባልስ?

ሠራተኛዋ ዘሃራ ከወሎ የመጣች ወጣት ሴት ነበረች። ወለል ስትወለውል ቀና ብላ ሳቀችብኝ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ ዓሣ ሙሽራ ነው፤ ያቀረቡለትን አይቀምስም። እነዚያን ነጫጮቹን ነው የሚለቅመው፤ ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

«ዘሃራ፣ እነሱ ተባይ ናቸው።»

«ተባይማ ከሆኑ፣ እሱ ምን በልቶ ነው እንዲህ ያማረበት?»

ማጉያ መነጽሬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ከወለል ወልዋይ መማር አሳፍሮኝ ይሆን? እሑድ፣ እሷ በዕረፍት ቀኗ ስትወጣ ጠብቄ፣ ኮራል ያልበቀለባቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ አወጣሁ። በረኪና በቀላቀልሁበት ባልዲ የዘፈዘፍኋቸው እኔ ነኝ። በፈላ ውሃ ያለቀለቅኋቸው እኔ ነኝ። የቀሩትን በጥርስ ብሩሽ የፈገፈግሁ፣ መስታወቱን አንድም ነጥብ እስከማይቀር የጠረግሁ እኔ ነኝ። አደራዬን አሳምሬ የምመልስ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዘሃራ ገንዳው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ድንጋዮቹ ምነው ነጡ?»

«ታጠቡ» አልኋት። ማን እንዳጠባቸው አልጠየቀችም፤ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ ማንዳሪኑ እንደ ወትሮው ድንጋዮቹን ይዞራል፤ ቆም ይላል፤ የሚለቅመው ግን የለም። ደረቁን መኖ ዘወር ብሎም አላየው። የእንቁላል አስኳል አድቅቄ ሰጠሁት፤ አልነካውም። ሳሊተ ምሕረት ድረስ ሄጄ ከወንዝ ውሃ በብርሌ ቀዳሁ፤ በውስጡ የሚዋኙት ደቃቃ ፍጥረታት ጨው ሲነካቸው ወዲያው ሞቱ። እንደሚሞቱ አላውቅም ነበር? ሳስተምረው የኖርሁት ነገር አይደለም? ሆዱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጀርባው እንደ ቢላዋ ስለት ሾለ። እኔ በፈቃዴ ስጾም እርሱን ያለ ፈቃዱ አስጾምሁት። ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተ።

ዶክተር በሆሳዕና ማግስት ገባች። ዘሃራ ለአቀባበሉ አንሶላ በበረኪና ስታጥብ ቆይታ ሻንጣ ለመቀበል ሮጠች። ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን በተመለከተ ሁለት ትዝታ አለኝ። በአንደኛው፣ ዶክተር የነጡትን ድንጋዮች አየች፤ የዘሃራ እጅ ሸተታት፤ ራሷ ፈረደች። በሁለተኛው፣ «መምህር፣ ምን ነካቸው?» ስትለኝ፣ እኔ ዘሃራን እያየሁ፣ «በረኪና ሳይሆን አይቀርም» አልሁ። የትኛው እውነት እንደሆነ መማል አልችልም። የመጀመሪያው ግን በጣም ይመቸኛል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን አምናለሁ።

«በረኪና? ስንቴ ልንገርሽ ዘሃራ!»

«ወላሂ እትዬ፣ በእጄ አልነካሁትም!»

ይህን ብላ ወደ እኔ ዞረች። በእርግጠኝነት የማስታውሰው ይህን ነው። ጣቷን አልቀሰረችብኝም፤ «እሳቸው ናቸው» አላለችም። የአባቷ እኩያ ነበርሁና ራሴ እንድናገር ዕድል ሰጠችኝ። እኔስ? አንገቴን ደፋሁ። የፈራሁት ምንድን ነው? ከቤት መባረርን? አይደለም። አላዋቂ መባልን ነው። ለዚህች ለአንዲት ቃል ስል ሰው አስባረርሁ።

በማግስቱ ዘሃራ ጨርቋን በፌስታል ቋጥራ የሰርቪሱን በር አንኳኳች። ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ የአክስቷ ልጅ ዘንድ መሄዷ ነበር። ደሞዟን በየወሩ የምትልክላት እናት እንዳለቻት አውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሾላ ሄጄ አላውቅም። ወያላ «ሾላ! ሾላ!» ብሎ ሲጣራ ዛሬም መንገድ እሻገራለሁ። እንደ ዘሃራ በነጠላ ጫማ የምትራመድ ሴት ከኋላዬ ስትመጣ ዘወር ማለት አልደፍርም። እሷ ብትሆንስ? ይልቁንም እሷ ሆና ባትቆጣኝስ?

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ይቅርታህን አልለምንም፤ ፈሪ ነበርሁ ብዬም አላመካኝም፤ የፈራ ሁሉ ሰው አያስባርርምና። የሠራሁትን ግን እስከ መጨረሻው ስማ። በአገሯ ልማድ ሰው ሲለያይ «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅር ይባባላል። ያን ዕለት ዘሃራ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት ነገር ካለ አፉ ይበሉኝ።»

እጇን እንደዘረጋች ጠበቀችኝ። አሁንም ዕድል እየሰጠችኝ ነበር።

እኔም «አፉ ብዬሻለሁ» አልኋት።