ጋሼ ሙክታርና የአራስ ቤቱ አየር

ባለፈው ሰሞን ከሳጉሬ ወደ አሰላ ስመጣ፣ የጋቢው ሽታ፣ የገብሱ አቧራና የሰው ትንፋሽ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ላይ ታፍኖ ቢያጥወለውለኝ መስኮቱን ጣት የምታስገባ ያህል ከፈት አደረግሁት። ወዲያው ከኋላዬ አንዲት እናት «እባክሽ ዝጊው፣ ሕፃን ይዣለሁ፣ ነፋስ ይመታብኛል» አለችኝ፤ ተሳፋሪው በሙሉ፣ ሹፌሩ ሳይቀር፣ አገዛት። ዘጋሁት። ዞር ብዬ ሕፃኑን ሳየው ግን ሐሳቤ ከመኪናው ቀድሞ አሰላ ገባ፤ በደርግ ዘመን፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ኅዳር።

ጋሼ ሙክታር የሳይንስ አስተማሪያችን ነበሩ። ትምህርት ቤታችን ከመፈክር በቀር የተረፈው ነገር ስላልነበረ የሙከራ ዕቃቸውን ከየሰፈሩ ይለምናሉ፤ ብርጭቆ ከሻይ ቤት፣ ሳፋ ከጎረቤት፣ ጧፍ ደግሞ ከእኛ ከክርስቲያኖቹ ልጆች። አንድ ጠዋት ብርጭቆ ውስጥ ጋዜጣ ጨምድደው ሊወትፉ ሲሉ ቆም አሉና ቁራጩን እያገላበጡ መረመሩት፤ የማን ፎቶ እንዳለበት ሳያዩ ጋዜጣ መጨምደድ በዚያን ጊዜ የሚያዋጣ አልነበረም። የማዳበሪያ ማስታወቂያ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ብርጭቆውን ደፍተው ውሃ ውስጥ ነከሩት። ሲያወጡት ወረቀቱ ደረቅ ነው። ባዶ ስንለው የኖርነው ብርጭቆ ለካ ሙሉ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን ሙሉ ባዶ ጣሳም ባዶ ኪስም ባየሁ ቁጥር አላምንም አልኩ።

ቀጥለው ጧፉን ለኩሰው በሩን ገርበብ አደረጉት። ክፍላችን በእኛው ትንፋሽ ሞቋል፣ ውጭው ብርድ ነው። ጧፉን ከበሩ ሥር ሲይዙት ነበልባሉ ወደ ውስጥ ተጋደመ፤ ወንበር ላይ ወጥተው ከላይ ሲይዙት ደግሞ ወደ ውጭ። የሞቀው አየር ቀላል ስለሆነ በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል አሉን። በመጨረሻም ጧፉን በብርጭቆው ከደኑት። ነበልባሉ አነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። «እሱም እንደኛ አየር ይፈልጋል» አሉ። ልጆቹ ይደገም እያሉ ሲንጫጩ እኔ እናቴን አሰብኩ።

እናቴ አራስ ነበረች። እሷን ልታርስ ከሁሩታ የመጣችው አክስቴ አስካለ የጓዳውን መስኮት በጨርቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ክፍተት በጆንያ፣ የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ወትፋ፣ የከሰል ማንደጃውን አልጋው አጠገብ አስቀምጣለች። ምክንያት ነበራት። ከዚህኛው በፊት የተወለደው ወንድሜ በዚያው ጓዳ፣ በዚያው ማንደጃ አጠገብ፣ ክርስትና እንኳ ሳይነሣ፣ ደህና አምሽቶ ጠዋት ሞቶ ተገኝቷል፤ ነፋስ መታው ተባለ። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ነፋስ የሚባል ነገር በዚያ ቤት ደጃፍ እንዳያልፍ ተቆርጧል። እናቴ ራሴን አመመኝ ትላለች፤ አክስቴ ሻሹን ታጠብቅላታለች። ከትራስ የወጣች ላባ በክር አንጠልጥዬ ከአልጋው በላይ ብይዛት ቀጥ ብላ ቀረች፣ ንቅንቅም አላለች። ፈራሁ፤ ይህኛውም ይሞታል ብዬ ፈራሁ። መስኮቱ ይከፈት ብዬ ብለምን አክስቴ በማማሰያ አባረረችኝ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። በማግስቱ ስኳርና ጧፍ ይዘው መጡና ከጓዳው በር ላይ ቆመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ፤ ሙስሊም ቢሆኑም የሰፈሩን ወግ ከእኛ እኩል ያውቁታል። ወንድ አራስ ጋ አይዘልቅምና አላለፉም። «እማማ አስካለ፣ ይፍቀዱልኝና ነፋሱ በየት እንደሚገባ ላሳይዎት» አሉ። አክስቴ ጠላቷን በዓይኗ ለማየት ጓጓች። ጋቢውን አንስተው ጧፉን ለኩሰው ከበሩ ሥር ሲይዙት ነበልባሉ ወደ ውስጥ ተጋደመ። «አየህ፣ በዚያ ነው» አለች አክስቴ። ከበሩ አናት ላይ ሲይዙት ወደ ውጭ ዞረ።

«ይሄኛውስ?» አለች።

«ይሄ የሚወጣው ነው። የሚወጣ ነፋስ ማንን ይመታል?»

 ከዚያ ሁለቱም ወደ ኦሮምኛ ገቡና ግማሹን ብቻ በሰማሁት ክርክር ቆዩ። በስተመጨረሻ እሷው ራሷ በርጩማ ላይ ወጥታ ከቆርቆሮው ሥር ጆንያውን መዘዘች፤ ማንደጃውም በመኝታ ሰዓት እንዲወጣ ተስማማች፤ የበሩን ሥር ግን መልሳ ለመወተፍ ብትሞክር ጋሼ ጋቢውን ይዘውባት ቀሩ።

የእናቴ ራስ ምታት ለቀቃት። ያ ሕፃን ዛሬ ፀጉሩ የሸሸ ጎልማሳ ነው።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ እናቴ እያጠባች፣ የብርጭቆውን ነገር እስቲ አሳዪኝ አለችኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ጧፉን ለኮስኩ፣ ከደንኩት፤ እንደ ጋሼ ድምፄን ጎርነን አድርጌ አስረዳኋት። ነበልባሉ ሲጠፋ ብርጭቆውን ብዙ አየችው።

«ያኛውስ?» አለች። ስም ሳይወጣለት ስለሞተ ሌላ መጥሪያ አልነበራትም። «ነፋስ ነው የመታው፣ ወይስ እኛ ነን የዘጋንበት?»

«አላውቅም እማዬ። ነገ ጋሼን እጠይቃቸዋለሁ።»

«አትጠይቂያቸው» አለችኝ።

እስከዚያች ቀን የማይጠየቅ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ጋሼም እናቴም የሉም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ አድጌ አንብቤ ዐውቄአለሁ። እናቴ ብትኖርና መልሳ ብትጠይቀኝ ግን፣ ነፋስ ነው እላት ነበር።