ያላደረ ደመና

የብርሀንነሽ አራጌ ቤት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ የዓባይን ቆላ ቁልቁል የሚያይ አፋፍ ላይ ነው። ሰው ዝናብ ሲጠማው ወደ ላይ ያንጋጥጣል፤ እሷ ግን ወደ ታች ነው የምታየው። ከሰዓት ከቆላው ተነሥቶ፣ አጉረምርሞ፣ ጥቂት አካፍቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚበተን ደመና የሙቀት ልጅ ነው፤ በማግሥቱ ውርጭ ያስከትላል እንጂ በልግ አያመጣም። እውነተኛው በልግ ሲገባ ነፋሱ ከደቡብ ይነፍሳል፣ ደመናውም ተራራው ላይ ያድራል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ሃያ ዓመት አይታ አይታ ያወቀችው ነው።

በስልሳ አምስት ባሏ መለሰ የመጨረሻ ዘሩን በዚያ አታላይ ካፊያ ላይ ሲበትን እያየች ዝም አለች። ዘር የወንድ ነገር ነዋ! «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ የተረተው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ያን ዓመት ያለቀው ሰው ነው። መለሰንም ሐምሌ ላይ ቀበረችው።

በስልሳ ሰባት የካቲት፣ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ ከእርዳታ ግማሽ ጆንያ ዘር ገብስ ደረሳት። ለሦስት ልጆቿ ከዚያ ሌላ ተስፋ አልነበራትም። ሁለት ቀን ሲያካፋ አገሩ ሁሉ በሬ ጠመደ። የባሏ ታላቅ ወንድም ፈንታሁን የራሱን ዘርቶ ሲያበቃ፣ ሊዘራላት በሬዎቹን እየነዳ መጣ።

«ዘሩን አውጪ፣ መሬቱ ሳይደርቅ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ አልሰጥም። ጠዋት ሣሩን አላዩትም? ነጭ ውርጭ ነው። ደመናው አላደረም።»

«ያረቢ! አንቺ ደግሞ መቼ ገበሬ ሆንሽ?»

«አንዴ ዝም ብዬ ባሌን ቀብሬያለሁ። ልጆቼን አልቀብርም» አለችና ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

ፈንታሁን እየተራገመ ሄደ። መንደሩም «ጆንያ የታቀፈች ዶሮ» እያለ ሦስት ሳምንት ሣቀባት። ብሳሳትስ እያለች እሷም ተጨንቃ ነበር። በዚያ መሐል የሰዉ ገብስ በቀለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከሰመ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እነሱ ግን የሚለቅሙትም አልነበራቸው።

መጋቢት ሲጋመስ፣ አንድ ጠዋት በሯን ስትከፍት ቆላው አይታይም። ጉሙ ደጃፏ ድረስ ተኝቷል፣ ነፋሱም ከደቡብ ነው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ፈንታሁን ቤት ሄደች። ሰውየው በባዶ ጎተራው ጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ በሬዎን ይጥመዱ። ዘሩን ለሁለት እንካፈለዋለን።»

የሁለቱም ማሳ ያማረ ገብስ ሰጠ።

የሚቀጥለው ዓመት በልግ ሲቃረብ አዲሱ ገበሬ ማኅበር ስለ ዘር ቀን ተሰበሰበ። ፈንታሁን ተነሥቶ፣ «እኔ ያለ ብርሀንነሽ ቃል አልዘራም» አለ። የሣቀ ሰው አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ ካፊያ ጣለ። አርባ ገበሬ በሬውን ጠምዶ፣ ዘሩን አቁማዳ ውስጥ ይዞ አፋፉ ላይ ተሰበሰበ። ብርሀንነሽ ቆላውን ቁልቁል ትክ ብላ አየችው፤ ደመናው አላደረም። እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም።

«ዛሬ አይደለም» አለቻቸው።

አርባ ወንድ በሬውን ፈታ።