ራዲዮ የሰማው ፊልም

ቀኑ ግንቦት አሥራ ሰባት ነበር። ወይስ ሰኔ ገብቶ ነበር? ልጅየዋ ግንቦት ነው ትላለች፤ የማጠቃለያ ፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ፣ ቀይ እስክሪብቶዋ አልቆባት ስትበሳጭ እንደነበር ታስታውሳለች። እናቷ ግን ንቅንቅ አትልም። «ሰኔ ነው! ያሰጣሁትን ልብስ ዝናብ ሊያበሰብሰው ሲል የጠራኝ ማን ሆነና? በግንቦት የምን ዝናብ?» እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የሚስማሙበት ነገር ቢኖር፣ በዚያ ቀን አባትየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ልብስሽ!» ማለቱ ነው። ጣሪያው ላይ ያረፈውን የመጀመሪያ ጠብታ ከሁለቱም ቀድሞ የሰማው እሱ ነበር። ዝናብ ከሰማ ስንት ዓመቱ!

ሰውየው የውሃ ታንከር ሠሪ ነው። አብሮት የሚሠራው በያጅ ከውጭ ሆኖ ላሜራውን ሲያያይዝ፣ እሱ ውስጥ ገብቶ ጠርዙን በመዶሻ ያስተካክላል። ታንከር ውስጥ ሆኖ መዶሻ ማሳረፍ ማለት ደወል ውስጥ ተቀምጦ ደወሉን መምታት ማለት ነው። በወጣትነቱ ዘመን ጆሮውን ሸፍኖ የሚሠራ ሰው ቢገኝ መሳቂያ ይሆን ነበር። መጀመሪያ የግራ ጆሮው ሄደ፤ የቀኙም ብዙ አልቆየ፣ ተከተለው። ልጅየዋ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ቤተሰቡ በሙሉ ጯሂ ሆኖ ነበር። እናትየዋማ ማንሾካሾክ ጭራሽ ጠፋባት። «የዚህን ቤት ምስጢር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው» እያለች ታስቅ ነበር።

የሥራ ጓደኞቹ ስም አወጡለት፦ ራዲዮ። ያወራል እንጂ አይሰማም ለማለት ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ ይላል በያጁ፤ ታንከሮቹን ቀለም የምትቀባው ሴት ደግሞ እኔ ነኝ ትላለች። ባለስሙ ከከንፈራቸው አንብቦ የገባው ቀን ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ «ጋሽ ራዲዮ» ካልተባለ ዞር አይልም።

ራዲዮ የሚያወራው ፊልም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ ቤት ገብቶ ከፊት ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ይቀመጣል። ከተማ የሚናድበት፣ ባሕር ቆሞ የሚሄድበት፣ ሰማይ የሚቀደድበት ትልልቅ ፊልም ካልሆነ አይወድም። ፊልሞቹ የሚመጡት በአገሩ ቋንቋ ድምፅ ተቀድቶባቸው ነው፤ ለእሱ ግን ቢቀዳም ባይቀዳም አንድ ነው። ዓይኑን ብቻ ይዞ ይገባል። ሰኞ በሻይ ሰዓት፣ ገና ያልተቀባ ታንከር ተደግፎ፣ ያየውን ያወራል።

አንድ ጊዜ ከተማ የሚያክል መርከብ ሰማይ ላይ ቆሞ የቤት ጣሪያ ሲገነጥል የሚያሳይ ፊልም መጣ። በራዲዮ ወሬ መርከቡ ውስጥ ያሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። የውሃ ታንከራቸው መንገድ ላይ ቀዳዳ ወጥቶበት በጥም ሊያልቁ ነው። ጣሪያውን የሚያነሡት ለመጣፊያ የሚሆን ላሜራ ፍለጋ ነው። ሕንጻ ለሁለት የሚሰነጥቀው ብርሃንም ሌላ ምንም አይደለም፣ የብየዳ እሳት ነው፤ ብየዳ በማያውቅ ሰው እጅ ገብቶ! ከመካከላቸው አንዲት ሴት «ኧረ ተው፣ እንደ ሰው አንኳኩተን እንጠይቅ» እያለች ትለምናለች፤ የሚሰማት ግን የለም። ሻዩ በየብርጭቆው ቀዘቀዘ። ቀቢዋ እንባዋን ቀለም በነካው እጇ ጠርጋ ጉንጯ ሰማያዊ ሆነ።

በያጁ በዚህ ወሬ ልቡ ተሰቅሎ ሚስቱን ይዞ ፊልሙን ሊያይ ሄደ። በማግስቱ ቱግ ብሎ መጣ።

«ጋሼ! የቱ ጋ ነው ውሃ የጠማቸው?» አለ ከንፈሩን እየጎተተ፣ እንዲነበብለት። «አንድ ሰማያዊ ድንጋይ ፍለጋ ነው የመጡት! ንጉሣቸው ድንጋይ አምጡ አላቸው፣ መጡ። አለቀ!»

«አንተ ደግሞ ተኝተህ ነው ያለፈህ» አለው ራዲዮ በርኅራኄ። «የሴትየዋን ከንፈር አላየህም? ደርቋል እኮ!»

«ከንፈር ቀለም ነው የተቀባችው!»

«በቃ ተዉት» አለች ቀቢዋ። «ዓይን ለማጥገብ ሲኒማ፣ ለወሬው እዚህ። እኔ ሁለቱንም እፈልጋለሁ።»

ልጅየዋ ይህን ሁሉ የምትሰማው በያጁ መንገድ ላይ ሲያገኛት ነው። ዩኒቨርሲቲ ተምራ የቋንቋ መምህርት ሆናለች። ለተማሪዎቿ በየዓመቱ የምትነግራቸው ነገር አለ፦ ታሪክ የሌለው ፊልም፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ባዶ ካርቶን ነው። ይህን ለአባቷ ነግራው አታውቅም። ለአባቷ የምትነግረው ነገር ሁሉ አጭር ነው። «ደኅና ነኝ»፣ «ወንበሩ ተሰብሯል»፣ «ነገ እመጣለሁ»። ረጅም ነገር በጩኸት አይወራም። ስለዚህ አንድ ክሊኒክ የመስሚያ መሣሪያ እንደሚገጥም ስትሰማ እጁን ይዛ ወሰደችው፤ ያቺ የዝናቧ ቀን የመጣችው እንዲህ ነው።

የዚያን ቀን እናትየዋ ልብሱን አስገብታ ስታበቃ፣ እንደ ልማዷ ከኩሽና «እራት ቀርቧል!» ብላ ጮኸች።

«ምን ያስጮህሻል? አጠገብሽ አይደል ያለሁት?» አላት።

በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ እንደገና ወደ ሳቅ ተመለሰ። «አንተ ሰውዬ! ይህን ሁሉ ዓመት ጮኼ ጮኼ፣ ዛሬ ነው የሰማኸኝ?» ልጅየዋም ያን ምሽት ከልጅነቷ ጀምሮ የተጠራቀመውን ረጅም ነገር ሁሉ ዘረገፈችለት፤ እሱ «እሺ፣ ከዚያስ?» ሲላት፣ እሷ ስትቀጥል። ማንን እንደምታመሰግን ጠፋት።

ቅዳሜ አብረው ሲኒማ ገቡ። ፊልሙ ውስጥ በአንድ ትልቅ ዓሣ ጀርባ ላይ የተሠራ ከተማ ነበር፤ ዓሣው ሲዞር ግንቡ፣ ድልድዩ፣ በየመስኮቱ የተሰቀለው መጋረጃ ሳይቀር አብሮ ያዘነብላል። ሐቁን መናገር ይሻላል፣ የልጅየዋም አፍ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ሰዎቹ መናገር ጀመሩ። «ዘውዱን አምጡ!» አለ አንዱ። «ዘውዱን አንሰጥም!» አለ ሌላው። ተዋጉ። ዓሣው ዞረ። «ዘውዱን አምጡ!»

አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ምንድን ነው የሚለው?»

«ዘውዱን አምጡ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ። ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም፣ አባዬ።»

ከኋላቸው አንድ ሰው «ኧረ ዝም በሉ!» አላቸው። አባቷ ፊቱ በራ። «ሰማሁት! ዝም በል አለኝ እኮ!» አላት። ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ዓሣውን ትቶ የሰዎቹን ከንፈር ብቻ ያይ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ የአውቶቡሱን ማቆሚያ አልፎ በእግሩ መሄድ ቀጠለ። ተከተለችው።

«የቀድሞዎቹም እንዲህ ነበሩ?» አላት በመጨረሻ። «የመርከቡም? ያ እንቅልፋም ያለው እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው።»

«እኔ ደግሞ ፊልም ሠሪዎቹን ሳመሰግን ነው የኖርኩት። ምን ዓይነት አዋቂ ሰዎች ናቸው፣ የእኔን ነገር ከየት አወቁት እያልኩ።»

«አባዬ፣ የራስህ ነበር እኮ። ይህ ያስደስታል እንጂ ያሳዝናል?»

«የራሴ መሆኑ ነዋ» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ የሚመጣልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት።»

ልጅየዋ ክንዱን ያዘችው።

ሰኞ በያጁ በሻይ ሰዓት ራሱ መቀመጫ የሚሆን ሣጥን ጎትቶ አስቀመጠለት። ራዲዮ «ቆንጆ ነው፣ ትልቅ ዓሣ አለው» ብሎ ዳቦውን በላ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲኒማ አልሄደም። በሌላውም። በያጁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቆ ልጅየዋን ያዛት።

«ቲቸር፣ ራዲዮናችንን ምን አደረግሽብን?»

«ጆሮ ነው የሰጠሁት!»

«እሱንማ እግዜር ይስጥሽ፣ ደስ ብሎናል። አሁን እኛ ስናማው ስለሚሰማን ነው የከፋን» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ቀልዱ አልያዘለትም። «የሻይ ሰዓት ሻይ ብቻ ሆነ፣ እህቴ። ሌላ ምን ልበልሽ?»

ይህ ነገር ልጅየዋን እንቅልፍ ነሣት። ጆሮው እንደገና ይደፈን ማለት አትችልም፣ አትፈልግምም። የምትነግረው ረጅም ነገር ገና አላለቀም። ግን ያ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ዝም የሚልለትን አባቷን እሷው ወስዳ የትም አስቀምጣው እንደሆነ ፈራች። ሰውየው በቤት ውስጥ ደስተኛ ነበር፤ የቧንቧውን ጠብታ ሰምቶ ይጠግናል፣ የሚስቱን ጫማ ኮቴ ሰምቶ በር ይከፍታል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ግን እጁ ሥራ ያጣል።

አንድ ማታ፣ የተማሪዎቿን ድርሰት እያነበበችለት ሳለ፣ «አንቺ ክፍል ውስጥ ስለ ፊልም ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም። ትንሽ አፈረችና የካርቶኑን ነገር ነገረችው።

ጉልበቱን መታ አድርጎ ሳቀ። «የማቀዝቀዣው ካርቶን ትዝ ይልሻል? ትንሽ ሆነሽ?»

«ትዝ አይለኝም።»

«ማቀዝቀዣው ሲመጣ ዞረሽም አላየሽው። ካርቶኑን ግን ቤት አደረግሽው፣ መኪና አደረግሽው፣ እናትሽን ሻይ ጋብዘሽ አስገባሻትና መውጣት አቃታት።»

«ቀድጄ ነው የወጣሁት!» አለች እናትየዋ ከኩሽና፣ ከልማድ እየጮኸች። «አንተም ቆመህ ትስቅ ነበር!»

«ባዶ ነው ባዶ» አለ አባቷ ወደ ልጁ ዞሮ። «ዘውድ አምጡ፣ ድንጋይ አምጡ፣ ይህን ጆሮዬ አይቀበለውም። አንቺ ትክክል ነሽ። ግን ያን ዓሣ ያን ያህል አድርጎ የሠራ ሰው፣ እኔን ውስጡ አስገብቶኛል። ምስጋና ልነፍገው አልችልም።»

ያን ሳምንት ቅዳሜ ምሳውን በልቶ ጫማውን ጠረገ።

«ሲኒማ ነው?» አለችው። «ልምጣ?»

«አይ፣ ብቻዬን ልይው።»

እሁድ እሷም ብቻዋን ሄዳ ያንኑ ፊልም አየች። ፀሐይን የሚከብ የመስታወት መንኮራኩር አለ፤ እዚያ ላይ የተቀመጠ ክፉ ሰው ፀሐይን ሊያጠፋ ይፈልጋል፣ ጀግናው አያስጠፋም። ማዕበሉ በቆመበት በረዶ ሆኖ ሲቀር፣ ውስጡ ዓሣዎቹ እንደ አምፖል ሲያበሩ፣ ልቧ ቀጥ አለ። ክፉው ሰው ሲናገር ደግሞ ሰዓቷን አየች።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስላልነበራት፣ ትምህርት ቤቱ ያዘዘውን ታንከር ልይ በሚል ሰበብ ወደ ብረታ ብረት ቤቱ ሄደች። ስትደርስ የሻይ ሰዓት ነው። መዶሻ አይሰማም። ከታንከሩ ጀርባ የአባቷን ድምፅ ሰማችና ቆመች።

«ክፉ አይደለም» ይላል። «ተረኛ ነው። ተተኪው ሳይመጣለት የቀረ ተረኛ። መንኮራኩሩን ለአፍታ ቢለቅ ታች ያለው አገር በረዶ ይሆናል። ያ ማዕበል የቆመው፣ ምስኪን፣ አንድ ጊዜ አሸልቦት ነው።»

«ለምን አይጣራም ታዲያ?» አለ በያጁ።

«ማን ሰምቶት? ታች ያለው ሰው ሙቀቱን እንጂ የሚልከውን አያውቅም። ከዚያ ልጁ ሰይፉን ይዞ በብረት ደረጃው ወጣ፤ ኮቴው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሽማግሌው ዞር አለ። 'ማን ነህ?' አለ።» ድምፁ ሻካራና ቀስ ያለ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ሰው ያላናገረ ሰው ድምፅ። «ልጁም ሰይፉን አስቀመጠና፣ 'ጋሼ፣ ይነሡ። እኔ ልቀመጥ' አለው።»

ቀቢዋ ብሩሿን እንደያዘች ቀርታለች፤ ቀለሙ ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል።

ልጅየዋ ታንከሩን ተደግፋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ድሮ በያጁ ሲነግራት፣ የአባቷ ሰዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይጠማሉ፤ ድምፅ ግን ኖሯቸው አያውቅም። አሁን ኮቴ አላቸው፤ አንዱ ሻካራ ነው፣ አንዱ ለስላሳ። ደስ አላት። ቢሆንም አንድ ነገር ማወቅ አማራት፦ ሲኒማ ቤት ውስጥ መሣሪያውን ዘግቶት ነበር ወይስ ከፍቶት? ያን ሁሉ ከንቱ ንግግር ሳይሰማ ነው ወይስ ሰምቶ፣ እያወቀ፣ ይህን ያመጣው?

ከታንከሩ ጀርባ ወጣች። በዚያው ቅጽበት ከግቢው በር የፒክአፕ ጥሩንባ ጮኸ።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ!» አለ አባቷ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ብርጭቆውን ለቀቢዋ እየሰጠ። የተጫነውን ታንከር ሊተክሉ ወደ ሌላ ከተማ ይዘውት መሄዳቸው ነው። ሮጥ ብሎ ከኋላ ተንጠላጠለ፤ በያጁ ገፋ አድርጎ አስቀመጠው።

«አባዬ! አንድ ነገር ብቻ—»

ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። አባቷ ታንከሩን በአንድ እጁ አቅፎ፣ በሌላው እያውለበለበላት፣ በበሩ ወጣ።