ፊቱን የሚያውቅ ቤት

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ቴንደር የሚባል አሮጌ ትንሽ የጭነት መኪና ነበራቸው። የጭነቱን ቦታ በሳንቃ ከድነው፣ ሁለት አልጋና አንድ መስኮት ያለው ቤት አደረጉት። ለሰግድ በዓላችን ኢየሩሳሌም ሲወጡ ሊያድሩበት ነው። አንዱ አልጋ ጎንደር ለቀሩት እህታቸው ነበር፤ አጎቴ ያለ እሳቸው ለበዓሉ አልሄድም አሉ።

መስኮቱን የቆረጡት መኪናው ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር፣ በራችን ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ እንደ አገራችን ጸሎት ቤት ወደ ኢየሩሳሌም እንዲያይ ብለው። መኪና እንደሚዞር ትዝ ያላቸው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የትም ሲያቆሙ፣ ወደፊት ወደኋላ እያሉ መስኮቱን ሳያቀኑ አይወርዱም።

«አባባ፣ ይበቃል፣ ቤሰደር ነው፣ ደህና ነው» ስንላቸው፣ «ቤት ፊቱን ማወቅ አለበት» ይሉናል።

አጎቴ፣ እህታቸው ሳይመጡላቸው፣ አረፉ። ለለቀስተኛው ቦታ ሲጠብ፣ ጎረቤቶች መኪናውን ገፍተው ከታች ሜዳው ላይ አቆሙት። መስኮቱ ወደ ባሕሩ ዞረ።

ባለቤታቸው አይተው፣ «እባካችሁ ልጆቼ፣ ፊቱን አዙሩለት» አሉን።

ተሰብስበን ወረድን። «ኢየሩሳሌም በየት በኩል ነው?» አለ ወንድሜ፣ እጁን መኪናው ላይ እንዳደረገ።

ሁላችንም ጠቆምን፤ የአንዳችን ጣት ግን ከሌላው አልገጠመም።